ከሰኔ ሠላሳ እስከ መስቀል ማግስት

በኢትዮጵያ ዓመትና ክፍል የሚለወጡት በአንድ ወር ነው። ዘመን መስከረም 1 ቀን ይለወጣል፤ የትምህርት ቤት ደወልም በዚያው ወር ይደወላል። ስለዚህ ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች አንደኛ ደረጃ የተማረ ሰው እንቁጣጣሽን ሲያነሣ ትምህርት ቤቱን ሳይጠራ አያልፍም። የአዲስ ደብተር ሽታ የሚመጣበት በቤቱ ከተጎዘጎዘው ቄጤማ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ወቅቱ የልጁ ብቻ አልነበረም፤ የእናት፣ የአባት፣ የጎረቤት፣ የልብስ ሰፊው፣ የባለ ሱቁና የዕቁቡም ወቅት ነበር። አንድ ልጅ ክፍል ገብቶ እንዲቀመጥ ሰፈሩ በሙሉ እጁን ያስገባ ነበር።

ትዝታው የሚጀምረው ግን ከሰኔ ሠላሳ ነው። ሰኔ ሠላሳ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትና ካርድ የሚታደልበት ቀን ነው። ካርዱ በወፍራም ወረቀት የታተመና ለሁለት የሚታጠፍ ሲሆን፣ በውስጡ የየትምህርቱ ውጤት በሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ ይሰፍራል። ከግርጌው ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ጠባይና የቀረበት ቀን ይከተላሉ። ከሃምሳ በታች የሆነ ውጤት በቀይ እስክሪብቶ ስለሚጻፍ፣ ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ካርዱን ገልጣ ቀይ መኖር አለመኖሩን በማየት የልጇን ዓመት ታውቅ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ስንተኛ ወጣህ?» ጎረቤት ይጠይቃል፣ ባለ ሱቁ ይጠይቃል፣ መንገድ ላይ የተገኘ ሽማግሌም ይጠይቃል። አንደኛ የወጣው ካርዱን ገልጦ በዋናው መንገድ ይመጣል። የወደቀው ጓሮ ለጓሮ ዞሮ፣ አባቱ ከሥራ ሳይመለስ እናቱን ለማግኘት ይጣደፋል።

ቀኑ በሌላም ነገር ይታወቅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የተጣሉ ልጆች ጠባቸውን ለሰኔ ሠላሳ ይቀጥሩት ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚቀጣ መምህርም፣ ወላጅ አምጣ የሚል ዳይሬክተርም የለምና። ይህን የሚያውቁ እናቶችና ታላላቅ ወንድሞች ቀኑን ጠብቀው በትምህርት ቤቱ በር ይቆሙ ነበር። ካርድ ተቀብሎ የወጣ ልጅ ተጎትቶ ወደ ቤት ይሄዳል፤ የተቀጠረውም ጠብ ብዙ ጊዜ ለመስከረም ይተላለፋል። መስከረም ሲመጣ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም።

ሐምሌና ነሐሴ የዕረፍት ወራት ይባሉ እንጂ ለብዙ ልጆች የሥራ ወራት ነበሩ። በከተማ ወንዶቹ የሊስትሮ ሣጥን ይይዛሉ፣ ቆሎ ያዞራሉ፣ ሎተሪ ይሸጣሉ። ሴቶቹ ጥልፍና ስፌት ይለምዳሉ፣ ጉልት ከተቀመጠች እናት ጎን ይውላሉ። ወላጆች ትንንሾቹን ክረምቱን ቁጭ ብለው እንዳይውሉ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ይልኳቸዋል። በየኔታ ፊት ሀ ሁን ይቆጥራሉ፣ አቡጊዳን ይለያሉ፣ መልእክተ ዮሐንስን ይወጣሉ፤ የበረቱት ዳዊት ይደግማሉ። የሙስሊም ቤተሰብ ልጆችም በዚያው ወቅት ቁርኣን ቤት ይገባሉ። ፊደል ለይቶ የመጣ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የመምህሩን ሥራ ግማሹን ጨርሶ ይመጣ ስለነበር፣ ብዙ መምህራን አዲስ ልጅ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት የት እንደተማረ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ለቄስ ትምህርት ቤትና ለቁርኣን ቤት ያለበት ዕዳ ተገቢውን ያህል አልተነገረም።

ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ ዝናቡ ገና ቢሆንም የመስከረም መንገድ ይከፈታል። ወንዶች ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ሙልሙልና ሳንቲም ይሰበስባሉ። ከመካከላቸው ታማኝ የሚባለው ገንዘብ ያዥ ይሆናል። ክፍፍሉ ሲያልቅ እናቶች የየልጃቸውን ድርሻ ይረከባሉ፤ «ለደብተር ትሆናለች» ብለው በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥሯታል። ልጁ ግማሹን ለከረሜላ አስቀርቶ ከሆነም እያዩ ዝም ይሉታል።

ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ስድስት ትሆናለች። ለሥዕል ሠሪ ልጅ ያቺ ስድስተኛ ቀን ትልቅ ነገር ነበረች። እነዚያ ቀናት እንቁጣጣሽ የሚሣልባቸው ናቸውና። «እንቁጣጣሽ» በልጆች አፍ የበዓሉ ስም ብቻ አልነበረም፤ ለበዓሉ ተሥሎ የሚሰጠው ወረቀትም በዚያው ስም ይጠራል። ከአሮጌ ደብተር የተረፈ ንጹሕ ገጽ ይገነጠላል፤ በላዩ የአበባ ማስቀመጫ ከነአበባው፣ መላእክት፣ ርግብ፣ የምትወጣ ፀሐይ ይሣላል። ከለር መግዛት የቻለ በከለር ይቀባል፤ ያልቻለ የአበባ ቅጠል ጨምቆ፣ ከሰል ፈጭቶ፣ የታላቅ እኅቱን ቀይ እስክሪብቶ ተውሶ ይሠራል። እጁ የሰላ አንድ ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ሌሎቹ የእሱን ሥዕል መስኮት ላይ ለጥፈው በብርሃን ይገለብጣሉ። የሥዕል ክፍለ ጊዜ በይስሙላ ብቻ በነበረባቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ቀለም መቀላቀልን የተማሩት ከመምህር ሳይሆን ከጳጉሜን ነው።

ሴቶች ልጆች በበኩላቸው ለአበባየሆሽ ይለማመዳሉ። አውጪዋ ትመረጣለች፣ ተቀባዮቹ ይሰለፋሉ፣ ከበሮ ካልተገኘ ባዶ ጀሪካን ይመታል። በዋዜማው ማታ ችቦ ይለኮሳል። ሲነጋ ሴቶቹ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው በየደጁ ይዘፍናሉ። ወንዶቹ ሥዕላቸውን በሁለት እጃቸው አቅርበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ባለቤቱ አሥር ሳንቲም፣ ስሙኒ፣ ደስ ካለውም ሽልንግ ይሰጣል፤ ሥዕሉንም ተቀብሎ በጋዜጣ በተለጠፈው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሥዕሉ እስከሚቀጥለው መስከረም እዚያው ይሰነብታል። በዘፈኑም ሆነ በሥዕሉ የማን ልጅ የየትኛው ሃይማኖት ነው የሚል ጥያቄ በድብልቅ ሰፈሮች ውስጥ አይነሣም ነበር፤ የሙስሊሟ ልጅ ከክርስቲያኗ ጋር ትዘፍናለች፣ ዳቦውንም እኩል ትካፈላለች። ከቤት ውስጥ የዘሪቱ ጌታሁን እንቁጣጣሽ በራዲዮ ይሰማል። ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ የአባባ ተስፋዬን ጊዜ ይጠብቃል። ተስፋዬ ሳህሉ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በዚያ መስኮት ለልጆች ተረት ነግረዋል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ብዙ ቤት የገቡ መምህር እሳቸው ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዓሉ አልፎ ሳንቲሙ ሲቆጠር የምዝገባ ሥራ ይመጣል። ነባር ተማሪ ካርዱን ይዞ ይቀርባል፤ ጭንቀቱ አዲስ በሚገባው ላይ ነው። በዚያ ዘመን የልደት ምስክር ወረቀት ያለው ልጅ ጥቂት ስለነበር፣ ለትምህርት መድረሱ የሚለካው በራሱ አካል ነበር። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይታዘዛል። ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። መለኪያው ዘበት አይደለም፤ የልጅ ጭንቅላት ቶሎ ያድግና እጁ ዘግይቶ ስለሚደርስበት፣ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ጆሮውን ለመያዝ ይችላል። ቀጫጫና አጭር የሆነ ልጅ ግን ዕድሜው ሞልቶም ይቀራል። ስለዚህ እናቶች ጳጉሜንን ሙሉ ልጃቸውን በቤት ያለማምዱ ነበር፤ «አንገትህን ዘንበል አድርግ» ብለው ይመክሩታል። አንዳንድ መዝጋቢም ይህን እያየ፣ ጣቱ ጆሮውን ሊነካ ጥቂት የቀረውን ልጅ ፊቱን አይቶ ያልፈው ነበር።

ከዚያ ዕድሜ ይጠየቃል። መልሱ በቁጥር አይመጣም። «በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ጡት ይጠባ ነበር» ትላለች አንዷ፤ «ለመስቀል ማግስት ነው የተገላገልኩት፤ ዓመቱ ግን ዘመነ ማርቆስ ነበር» ትላለች ሌላዋ። መዝጋቢው አስልቶ አንድ ዓመተ ምሕረት ይጽፋል። በዛሬው ጊዜ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሞላው የብዙ ሰው መታወቂያ ላይ ያለው የልደት ዘመን ያን ቀን በመዝጋቢው ብዕር የተወሰነ ነው። ስምም እንዲሁ። በቤት ማሙሽ፣ ኩኩ፣ ሚሚ ሲባል ያደገ ልጅ ሙሉ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ሲጠራ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው፤ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ማለት እንዳለበት ስለማያውቅ እናቱ ከኋላ ትገፋዋለች። ከገጠር መጥቶ በአክስቱ ቤት የሚያድግም ይኖራል፤ በመዝገቡ ላይ «አሳዳጊ» በሚለው ቦታ የአክስቱ ስም ይገባል። የከተማ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ክፍሎች በእንዲህ ያሉ ልጆች የተሞሉ ነበሩ፤ አገሩን ያስተማረ አንዱ ትልቅ ነገር አክስትና አጎት ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ዝግጅት ከምዝገባው ይበልጣል። ዩኒፎርሙ በሰፈሩ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ፣ በሲንጀር መኪና ይሰፋል። እናት ከፊት ቆማ ሁልጊዜ አንድ ነገር ታዛለች፦ «እንዲያድግበት አድርገህ ስፋው።» የሱሪው ግርጌና የቀሚሱ ጠርዝ ወደ ውስጥ በሰፊው ይታጠፋል፤ በየመስከረሙ አንድ አንድ እጥፋት ይለቀቃል። የተለቀቀው እጥፋት በጨርቁ ላይ ያልደበዘዘ መስመር ስለሚተው፣ የአንድን ልጅ የትምህርት ዓመታት በሱሪው ላይ መቁጠር ይቻል ነበር። ሱሪው ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ መስመሮቹም አብረው ይወርዳሉ። ለእግር ሸራ ጫማ ያገኘ ታድሏል፤ ያላገኘ ኮንጎ ወይም በረባሶ ያደርጋል፤ በባዶ እግሩ የሚሰለፈውም ጥቂት አልነበረም።

ደብተር መለበድ የማታ ሥራ ነው። እራት ከተበላ በኋላ በፋኖስ ወይም በአንዲት አምፖል ብርሃን ዙሪያ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካሌንደር፣ የሲሚንቶ ወረቀት፣ የተገኘው ሁሉ ይቆረጣል። የስንዴ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ሙጫ ይሆናል። ካሌንደር የደረሰው ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ነጩን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጎ በጎላ ፊደል ስሙን፣ ክፍሉንና የትምህርቱን ዓይነት ያስጽፋል። ጸሐፊው በቤቱ ውስጥ እጁ የሚያምረው ነው፤ ከሌለ ጎረቤት ይጠራል። አዲስ ደብተር በቂ ካልሆነ የታላላቆቹ ያለፈ ዓመት ደብተር ይበረበራል፤ ባዶ የቀሩት ገጾች ተገንጥለው፣ በመርፌና በክር ተሰፍተው ለሥዕል ወይም ለሙዚቃ ደብተር ይሆናሉ። የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት የጀርባ ልባስ ግን አይጣልም፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እናት ምጣድ ላይ እንጀራ እየጋገረች «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን እሷ አታውቀውም፤ ልጁ ሳያመነታ ከመለሰ ትክክል መሆኑን ታውቃለች።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ መስከረም ደግሞ ለደመወዝተኛም ለነጋዴም ክፉ ወር ነው። የዘመን መለወጫ ዶሮ፣ የመስቀል ሥጋ፣ የትምህርት ቤት ወጪ በአንድ ወር ይደራረባሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ዕቁቡን ለመስከረም ያነጣጥራል። ዕጣው ለሌላ ሰው ከወጣም «የልጆች ዩኒፎርም አለብኝ» ብሎ ይለምናል፤ ባለ ዕጣውም ብዙ ጊዜ አያሳፍረውም። ባለ ሱቁ ደብተርና እስክሪብቶ በዱቤ ይሰጣል፤ በዱቤ መዝገቡ ላይ ከዘይትና ከስኳር በታች «ደብተር 6፣ ቢክ 2፣ ላጲስ 1» ተብሎ ይሰፍራል። ልጅ የሌላት ጎረቤትም ለአንዱ ልጅ እርሳስና መቅረጫ ገዝታ ትልካለች፤ ልጁ ካርዱን በሰኔ ለእሷም ያሳያል። እንዲህ ያለው ባለዕዳነት ለልጁ ጥሩ ነበር፤ ቢሰንፍ የሚያፍረው በአንድ ቤት ፊት ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን በደወል ይከፈታል። ደወሉ በዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ወይም የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው፤ በብረት ሲመታ ከሰፈሩ ማዶ ይሰማል። ተማሪው በክፍል በክፍል ይሰለፋል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ የሕዝብ መዝሙር ይዘመራል። መዝሙሩ በእነዚያ ዓመታት ከመንግሥት ጋር ተለዋውጧል፤ ሰልፉና የጠዋቱ ብርድ ግን ያው ናቸው። መምህራን በሰልፉ መካከል እየዞሩ ጥፍር፣ ፀጉርና አንገትጌ ያያሉ። ለዚህ ሲባል ወንዱ ዋዜማውን ፀጉሩን ይላጫል፤ ሴቷ በጎረቤት እጅ ሹሩባ ትሠራለች። አዲስ ገቢዎቹ የእናታቸውን ነጠላ ጫፍ ይዘው አይለቁም። እናቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ክፍሉ እስኪዘጋ ይጠብቃሉ፤ ያለቀሰ ልጅ ድምፅ ከተሰማ የየራሳቸውን ልጅ ድምፅ ለመለየት ጆሯቸውን ይጥላሉ።

ትምህርት ግን ወዲያው አይጀመርም። ክረምቱን ሙሉ ማንም ያልረገጠው ግቢ ሣር ውጦታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያልፉት ሣር በማጨድ ነው። ልጆች ከቤት ማጭድና መጥረጊያ ይዘው ይመጣሉ። ወለሉ አፈር በሆነበት የገጠር ትምህርት ቤት ሴቶቹ እበት ተሸክመው መጥተው ክፍሉን ይለቀልቃሉ። ጥቁር ሰሌዳው ከነጣ የተጣለ የባትሪ ድንጋይ ተወቅጦ፣ በቅጠል ታሽቶ ይቀባል። ወላጆች የተነቀለ ቆርቆሮ ይመታሉ፣ አጥር ያጥራሉ፣ ያነከሰ ዴስክ ይጠግናሉ። ዴስክ በሌለበት ልጁ ከቤቱ ዱካ ወይም ድንጋይ ይዞ ይመጣል።

ወላጅ ትምህርት ቤቱን እንደ ራሱ ቤት የሚጠግንበት ምክንያት ነበረው፤ ብዙ ጊዜ የሠራው ራሱ ነውና። በ1940 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ በገጠር መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ገንዘቡ ለየአካባቢው አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተደርጓል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር በመላ አገሪቱ በሺህ የሚቆጠሩ መማሪያ ክፍሎች ሲሠሩ፣ የየአካባቢው ሕዝብ ገንዘብ በማዋጣትና በጉልበት ድርሻውን ከፍሏል። ድንጋይ የተሸከመች እናት ልጇን እዚያ ክፍል ውስጥ ስታስገባ እንደ እንግዳ አትቆምም። ያ ስሜት በደብዳቤ ወይም በመመሪያ የሚፈጠር አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ ትምህርት ቢያልፉም መምህራኑ የማይጨነቁበት ምክንያት ነበራቸው። መስከረም 16 ደመራ፣ 17 መስቀል ነው። የጉራጌ ቤተሰቦች ለመስቀል ከነልጆቻቸው ወደ አገር ቤት ይገባሉ፤ በመርካቶ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች በዚያ ሳምንት የክፍሉ ወንበር ግማሹ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ መምህሩ ስም ይጠራል፣ የክፍል አለቃ ያስመርጣል፣ መጻሕፍት ያድላል። መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ልጅ አንድ ስለሚደርስ ማን ከማን ቤት ሄዶ እንደሚያነብ በዚያ ሳምንት ይወሰናል። በመጽሐፍ የተጣመሩ ልጆች እናቶቻቸውም ቡና ይጠራራሉ፤ በዚህ መንገድ የተጀመረ ዝምድና እስከ ልጆቹ ሠርግ የዘለቀበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወላጅና መምህር የሚገናኙባቸው መንገዶች ጥቂት ነበሩ። አንዱ ፊርማ ነው። ካርዱ ላይ «የወላጅ ፊርማ» የሚል መስመር አለ፤ ብዙ ወላጆች በዚያ መስመር ላይ አውራ ጣታቸውን ያትሙ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ይህ ተለወጠ። ዘመቻው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን አሰልፎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎልማሶችን ፊደል ያስቆጠረ ሲሆን፣ ዩኔስኮም ሸልሞታል። ቀን ልጆች በሚማሩበት ክፍል ማታ ማታ እናቶቻቸው ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ የነበሩ ልጆች እናታቸው በካርዳቸው ላይ ስሟን በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ፊደል ለፊደል ስትጽፍ ያዩበትን ቀን አይረሱም። ዘመቻው በዘመኑ ፖለቲካ የተጠቀለለ ቢሆንም፣ ለዚያ አንድ ፊርማ ብቻ እንኳ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገድ «ወላጅ አምጣ» ነው። ያጠፋ ልጅ ከክፍል ይወጣና ወላጁን ሳያመጣ አይመለስም። ቤቱ የሚጠብቀውን የሚያውቅ ልጅ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው «አጎቴ ሁኑልኝ» ብሎ እስከመለመን ይደርሳል። ወላጅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ልጁን ከመስማቱ በፊት ለመምህሩ «ይቅጡልኝ» ይላል። የዚያ ዘመን ትዝታ እዚህ ላይ ይጨልማል። አርጩሜ፣ ጠጠር ላይ መንበርከክ፣ ጆሮ መቆንጠጥ የዕለት ነገር ነበሩ፤ በዱላ ምክንያት ትምህርት የጠላ፣ ጨርሶም የቀረ ልጅ ጥቂት አይደለም። «ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚል ሰው በዚያው ሰበብ የቀሩትን ጓደኞቹን ይዘነጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል፤ ከዚያ ዘመን ነገሮች ውስጥ እንዲመለስ መፈለግ የሌለበት ይኸኛው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ስብሰባ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወመህ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ተሰብስቦ ስለ አጥሩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ መዋጮው ይነጋገራል። ሊቀመንበሩ ብዙ ጊዜ ራሱ ያልተማረ የሰፈር ሽማግሌ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች ቀን ሲከበር ከዳይሬክተሩ ጎን የሚቀመጠውና ለጎበዝ ተማሪዎች መጽሐፍና ደብተር የሚሸልመው እሱ ነው።

በገጠር ነገሩ ይከብዳል። መስከረም እህሉ ያልደረሰበት፣ ከብት ከአዝመራ የሚጠበቅበት ወር ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ አጨዳ ይመጣል። ሁለት ወንድ ልጆች ያሉት ገበሬ አንዱን ለእረኝነት አስቀርቶ አንዱን ይልካል፤ አንዳንዱም በየተራ በየዓመቱ ያፈራርቃቸዋል። ሴት ልጅማ ውሃ የሚቀዳ ሌላ እጅ ከሌለ በቀር አትታሰብም ነበር። በዚህ ወቅት ደኅና መምህር የሚታወቀው በክፍል ውስጥ ሳይሆን በእግሩ ነው። የአካባቢውን ሽማግሌ አስከትሎ ጎጆ ለጎጆ ይዞራል፣ ከገበሬው ጋር ጠላ ይጠጣል፣ ስለ ልጁ ሳያነሣ ስለ ዝናቡ ይጫወታል፤ ሊነሣ ሲል «ልጁን ሰኞ እጠብቀዋለሁ» ይላል። በዚህ ዓይነት ከእረኝነት ተነጥቀው ዛሬ ሐኪምና መምህር የሆኑ ሰዎች በየቦታው አሉ። እረኛ ሆኖ የቀረው ወንድማቸው ግን በትዝታው ውስጥ ብዙ አይነሣም፤ የአንደኛው ደብተር የተገዛው በሁለተኛው ጉልበት ነበር።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መሰጠቱ የእናትን ድምፅ ክፍል ውስጥ አስገባ። የግል ትምህርት ቤቶች በከተማ ተስፋፉ፤ ምዝገባው ከመስከረም ወደ ሰኔና ሐምሌ ወጣ፤ የወላጅና የመምህር ወሬ በኮሙኒኬሽን ቡክና በቴሌግራም ሆነ። በእጅ የሚሣለው እንቁጣጣሽ በታተመ ካርድ ተተካ። በአዲስ አበባ ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ይታደላል፣ ምገባም ይካሄዳል፤ ምግቡን የሚያበስሉት ብዙዎቹ የሰፈሩ እናቶች ናቸው። በመቀነት ጫፍ ሳንቲም ትቋጥር የነበረችው እናት ይህን ብታይ ትመርቅ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የ2013 መስከረም አደይ አበባው ፈክቶ፣ ደወሉ ዝም ብሎ አለፈ፤ ክፍሎች መከፈት የጀመሩት በጥቅምት ነው። የበዓሉና የትምህርት ቤቱ መተሳሰር ለብዙ ቤተሰብ ጎልቶ የታየው ያን ዓመት ሲለያዩ ነው።

የወላጅ እጅ ግን ከትምህርት ቤት ግቢ እየራቀ መጥቷል፤ ይህ ጉዳት ነው። ክፍያ የከፈለ ወይም ነጻ ዩኒፎርም የተቀበለ ወላጅ ድርሻውን የጨረሰ መስሎ ይሰማዋል። የወመህ ስብሰባዎች በጥቂት ሰዎች ይካሄዳሉ። ዘንድሮ ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ ደረሰኙን ተቀብሎ ከመውጣቱ በፊት የስብሰባውን ቀን ይጠይቅ፤ ማጭድም ባይዝ ቀኑን ጠብቆ ይገኝ። የድሮ ካርድ በሣጥኑ ያስቀመጠ ሰውም ለልጆቹ አውጥቶ ያሳያቸው፤ የአያታቸው የአውራ ጣት አሻራ እዚያው በመስመሩ ላይ ይገኛል።